በጥቅምት የሚታየው ተራራ

ዝናብ የመታው እንጨት ሲሸተኝ የአባቴ ከዘራ ትዝ ይለኛል፤ ከከዘራው ጋርም እግሬ ሳይረግጠው ስዞርበት ያደግሁት ከተማ ይመጣል። ከተማው ሺምላ ይባላል፤ ህንድ አገር፣ ሂማላያ ውስጥ፣ ጋራ ጀርባ ላይ የተቀመጠ ነው። እኔ የተወለድኩት ግን ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነው።

አባባ በወጣትነቱ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሺምላ ተምሯል። ከዘራውን የገዛው ያን ጊዜ፣ ከእንጨት ጠራቢዎቹ ሰፈር ነበር፤ «ለእርጅና መስሏችሁ? ለጦጣ ነው!» ይለን ነበር። የሺምላ ጦጣ መነጽር ከዓይን ላይ ነጥቆ ዛፍ ላይ ይወጣና፣ ሽምብራ ካልሰጡት አይመልስም ሲለን እማዬ ትስቅበት ነበር። ትምህርቱን ሲጨርስ አገር ቤት መመለስ አልሆነለትም፤ ዞሮ ዞሮ ጀርመን ገባና ፌኸንሃይም ሰፈር ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ እናቴን አግብቶ፣ እኔን ወለደ።

በብርዱ ወራት ታውኑስ ጋራ ላይ በረዶ ሲጥል፣ አባባ ከሥራ ተመልሶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ባልኮን ላይ ያወጣኝና በከዘራው እያመለከተ «ምን ይታይሻል? ሂማላያ!» ይለኝ ነበር። እኔም የተማሪ ቤት ልጅ ነኝና «ዳስ ኢስት ዶህ ዴር ታውኑስ!» ብዬ ታውኑስ መሆኑን በጀርመንኛ አስረዳው ነበር። ያን ጊዜ እማዬ ከወጥ ቤት «ተራራ አይቶ የማያውቅ ይመስል!» ትል ነበር። እማዬ የደባርቅ ልጅ ናት፤ የስሜንን ተራሮች እያየች ስላደገች፣ በተራራ ጉዳይ ማንም እንዲያስተምራት አትፈልግም ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ በየዓመቱ የምንሰማው አንድ ታሪክ ነበረ። አባባ ሺምላ እንደገባ በሩ ላይ «ንጹሕ የአትክልት ምግብ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ምግብ ቤት አገኘና፣ እግዚአብሔር ለጾሜ ያዘጋጀልኝ ነው ብሎ ሁለት ወር ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እዚያው ምስር ወጥ ሲበላ ከረመ። በትንሣኤ ዋዜማ ሴትዮዋን ሊያመሰግን ወደ ማድቤቱ ብቅ ቢል፣ ምስሩ ላይ የነጠረ ቅቤ በጭልፋ ስታፈስበት አገኛት። እነሱ ሥጋ የሌለበትን ሁሉ ንጹሕ ይሉታል እንጂ ቅቤን መች ከፍስክ ቆጠሩት! እማዬ ታሪኩን በቃሏ ብታውቀውም እንባዋ እስኪመጣ ትስቅና «እሱ ሁዳዴን በቅቤ የጾመ ክርስቲያን ነው» ብላ ለጎረቤት ታወራበት ነበር። እሱም አብሯት ይስቅ ነበር።

ሙቀቱ ሲገባ፣ ተማሪ ቤት ሲዘጋ፣ የእኔና የአባባ የሺምላ ጉብኝት ይጀመር ነበር። የፎቃችንን ሊፍት ስንሳፈር ከታችኛው መንገድ ወደ ሺምላ ገበያ የሚያወጣው ሊፍት ነው፤ የምድር ባቡሩ በጋራው ወገብ እየተጠማዘዘ የሚወጣው ትንሹ ባቡር ነው። «አሁን በግራ ቢጫው ቤተ ክርስቲያን፣ ከፊቱ ሰፊው አደባባይ፣ ከአደባባዩ ማዶ ደግሞ...» ይልና እዚያ ላይ ያቆም ነበር። ማዶ በረዷማው ተራራ ነው። እሱን በታውኑስ ካልሆነ በምንም አይተካውም ነበር።

እውነተኛውን ሊያሳያት ለእማዬ ቃል የገባላት ገና ሲጋቡ ነው። ችግሩ ፋብሪካው ነበር፤ በሐምሌ ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍት፣ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሐምሌ ደግሞ ሺምላም እንደ አገር ቤት ክረምት ነው፣ ዝናብና ጉም። «በጥቅምት ነው እንጂ፣ ሰማዩ ሲጠራ!» ይል ነበር አባባ። «በሐምሌ ወስጄ ጉም ባሳያት፣ እናትሽ ጥሩወርቅ ዕድሜ ልኬን ትስቅብኛለች። ጡረታ ስወጣ፣ በጥቅምት እንሄዳለን።» እማዬም «እስቲ ያብቃን» ትል ነበር።

አንድ መከር፣ ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ፣ አባባ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ነበረውና ሲመለስ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ኒዳ ወንዝ ዳር ይዞኝ ወጣ። ዝናብ እያካፋ ነበር፣ ከዘራው ይሸታል። «ሚጡ፣ ዛሬ አንቺ አዙሪኝ» አለኝ። ጨዋታ መስሎኝ ከሊፍቱ ጀመርኩ፤ ገበያውን፣ ቢጫውን ቤተ ክርስቲያን፣ የጦጦቹን ኮረብታ አንድ በአንድ አሳየሁት፣ ስሳሳት እያረመኝ ሄድን። ቤት ስንደርስ ለእማዬ በዓይኑ ግፊት የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየጠበበ እንደሚሄድ ሲነግራት ሰማሁ። ጨዋታ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝና መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጡረታው ሲደርስ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚታየው አልነበረም። «ለዕውር ምን ተራራ ያሳዩታል፣ ይቅር» አለ። እማዬ ግን «ቃል የተገባው ለእኔ ነው! ደግሞ ዓይንህ ቢደክም አፍህ መች ደከመ?» ብላ ሻንጣ አወረደች። ባለፈው ጥቅምት ሄድን።

በሊፍቱ ወጣን። አባባ ክንዴን ይዞ «ምሪን» አለኝና መራኋቸው፤ አንድም ሰው መንገድ ሳልጠይቅ ቢጫው ቤተ ክርስቲያን ፊት አደረስኳቸው። እማዬ ገና ከሊፍቱ ሳትወጣ፣ ያን ሁሉ ዘመን ስትስቅበት የነበረውን ጦጣ ፈርታ መነጽሯን ከደረቷ ሸጉጣለች። አደባባዩ መሐል ስንደርስ አወጣችና አደረገችው። ከዚያ ዝም አለች።

አባባ ጠበቀ፣ ጠበቀና ፊቱ ጨለመ። ዝምታዋን አያውቀውም። «ጉም ነው እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። እኔም ክንዱን ይዤ ወደ እማዬ አዞርኩት። «ጥሩዬ፣ ጉም ነው?»

«እባክህ ዝም በል» አለችው። «እያየሁ ነው።»

አባባ አገጩን ከዘራው ላይ አስደግፎ ፈገግ አለ። በሕይወቴ ያን ያህል ተመስገን ያልኩበት ቀን የለም።

አሁን እኔ እዚያው ፍራንክፈርት፣ ኦስትኤንድ ሰፈር ነው የምኖረው፤ እሑድ እሑድ ቦናመስ እሄዳለሁ። እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ሺምላ ተራራ ስታወራ፣ አባባ ከጥግ «ተራራ አይታ የማታውቅ ትመስላለች እኮ!» ይላታል። ያኔ እሱ ባልኮን ላይ እያወጣኝ ያመለክት ነበር፣ እኔም እከራከረው ነበር። ዛሬ ታውኑስ ላይ በረዶ ሲጥል እኔ አወጣዋለሁ፣ ከዘራውንም ከእጁ ጋር ይዤ ወደ ጋራው አዞርለታለሁ።

«ምን ይታይሻል?» ይለኛል።

«ሂማላያ» እለዋለሁ። እማዬ ከወጥ ቤት ሆና ትሰማለች፤ ምንም አትልም።