የአባቴ ሙስታንግ ወንበር ኦርጅናል ነው?

«ኦርጅናል ነው እንጂ። እኔና አባትህ ነን መርካቶ ወስደን ያሰፋነው።»

ይህን ያሉኝ ዛሬ ጠዋት ሰበታ ያሉት ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ናቸው።

የአባቴን አሮጌ ሙስታንግ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ ልመልሰው ብዬ ሲሠራ ምን ምን እንደነበረው እያጣራሁ ነው። በሩ ላይ ያለው የፋብሪካ ኮድ ወንበሩ ቀይ ነበር ይላል፤ አሁን ያለው ጥቁር ነው።

እኔ «ኦርጅናል» ስል የፋብሪካው ማለቴ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ኦርጅናል ጫማ፣ ንጹህ ቆዳ ነው ማለታቸው ነው።

«ደግሞ አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀዩን የካድሬ ቀለም ነው ብሎ ጠልቶት ነበር» አሉኝ።

ቀይ ወንበር እንዲሠራልኝ ያነጋገርኩትን የቡራዩ ሰፊ ደውዬ ተወው አልኩት።

እናንተ ቤትስ ኦርጅናል የሚባለው የቱ ነው፣ ፋብሪካ የሠራው ወይስ አባት የመረጠው?