ጋሼ ሺገሩ በአሌክሳንድራ ግድግዳ ላይ

ይህ የሆነው ኮሮና አገር ሁሉ በሩን በዘጋበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። አንድ ሽማግሌ የጠየቀኝን ጥያቄ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላ ሰው እስኪናገርልኝ አልጠብቅም። ሥዕል ማንም አላስተማረኝም። ልጅ ሳለሁ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየሁ በከሰል ለቀምኩት። ዛሬ ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ ውስጥ ብትዞሩ ስፓዛ በሚባሉት ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ግድግዳ ላይ የምታዩት ዳቦና ዶሮ፣ የጸጉር ቤቱም ቆንጆ፣ አብዛኛው የእኔ እጅ ነው። ስሜንም ከባለ ሱቁ ስም አግዝፌ እጽፋለሁ። ባለ ሱቆቹ ያጉረመርማሉ፤ ግን ሌላ ሠዓሊ አይጠሩም።

አንድ እንግዳ ሰው ዶሮዬን ፎቶ አንስቶ ወደ ጃፓን ልኮት ኖሮ ከዚያ ግብዣ መጣልኝ። ተራራ ላይ ያለች፣ ሰው ያለቀባት አንዲት የገጠር መንደር ሠዓሊ እየጋበዘች ሦስት ወር ታኖራለች። ሠዓሊው በምላሹ የመንደሯን መንፈስ ይሥላል። ወሬውን ለማኅበርተኞቼም፣ ለታክሲ ሹፌሩም፣ ለማያውቀኝ ሰውም ጭምር ነገርኩ። ወፍራም ካፖርት ገዛሁ። ሻንጣዬን ዘግቼ ስጨርስ አውሮፕላን ቆመ።

“ጋሽ መኩሪያ፣ ጃፓን እንዴት ነው? ብርዱን ቻልከው?” እያለ የሚያሾፍብኝ ታደሰ ነበር። ታደሰ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ባለ ሱቅ፤ የምኖረውም እሱ ጓሮ ባለው ክፍል ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሚሆ የምትባል የግብዣው አስተባባሪ ከመንደሯ ደወለችልኝ። በቪዲዮ ስልክ እንሥራው አለች። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እነሱ ዘንድ ከቀኑ ዘጠኝ ሲሆን፣ ስልኳን ይዛ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ትሄዳለች፤ የሚለውን ደግሞ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች። እንግሊዝኛንም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት።

ሽማግሌው ሺገሩ ይባላል። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ጋሼ አልኩት። ሚሆ ትርጉሙን ስትነግረው ሳቀና እሱም “ሰንሰይ” አለኝ። መምህር ማለት ነው። ተገቢ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

“መንፈሱ የት እንዳለ አሳየኝ” አልኩት የመጀመሪያ ቀን። ቤተ መቅደስ ወይም የድሮ ዛፍ ጠብቄ ነበር። እሱ ወደ አንድ ባዶ ቤት ወሰደኝ። ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ የሞቱትን ባለቤቶች በየስማቸው ጠራ። “መጣሁ” አላቸው። መስኮቱን ሁሉ ከፈተ፣ ትንሽ ተቀመጠ፣ መልሶ ዘጋና ወደሚቀጥለው ባዶ ቤት ሄደ። በየቀኑ ሥራው ይህ ነው።

“ሰው የማይተነፍስበት ቤት ይበሰብሳል” አለኝ። “እኔ እተነፍስላቸዋለሁ።”

“አንድ ሰው ለስንት ቤት ይተነፍሳል?”

“ትንፋሹ እስኪያልቅ።”

እኔ ባለሁበት አሌክሳንድራ በአንድ ክፍል ስድስት ሰው ይተነፍሳል።

በታደሰ ሱቅ የጎን ግድግዳ ላይ ሣልኩት። ተራራውን ሣልኩ፣ የተዘጉትን ቤቶች ሣልኩ፤ መሐል ላይ ደግሞ መስኮት የሚከፍተውን ጋሼ ሺገሩን። በስልኩ ሁልጊዜ የማየው በግራ ጉንጩ በኩል ስለነበረ እንደዚያው ከጎኑ አደረግሁት። አላፊ አግዳሚው “ሳዉቦና ምኩሉ!” ይለው ጀመር፤ ሰላም አያቴ ማለታቸው ነው። ደስ አለኝ፤ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ የምትባል የአዲስ አበባ ሴት፣ ልብስ ነጋዴ፣ በዚያ ስታልፍ ቆማ አየችው።

“ውይ ጋሽ መኩሪያ! ይህ ሰው ምን በደለህ?”

“ምን ሆነ ደግሞ?”

“ይሁዳ አደረግኸው እኮ! በአንድ ዓይን!”

ክው አልኩ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሃዲና ሰይጣን ግን በጎናቸው፣ በአንድ ዓይን። ይህን ገና ፊደል ሳልቆጥር አውቀዋለሁ።

“እኔ ደህና ሽማግሌ ነው የሚታየኝ” አለ ፕሮቴስታንቱ ታደሰ።

“አንተ ዳቦህን ሽጥ!” አልኩት።

በማግስቱ ሚሆን፣ ፊቱን ወደ እኔ ያዙርልኝ አልኳት።

“ሌላ ቀን ቢሆንስ?” አለች። ድምፅዋ ተለውጧል።

“አምሳ ዓመት ሥያለሁ፤ የሚያስፈልገኝን አውቃለሁ። በአገሬ በአንድ ዓይን የሚሣል ክፉ ሰው ነው በዪው።”

ነገረችው። ጋሼ ሺገሩ መስኮቱን ለቀቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ማስኩን አወረደ፤ ዞረ። ቀኝ ዓይኑ የለም። ቦታው ላይ ቆዳ ተከድኖበታል።

አንድ ነገር ተናገረ። ሚሆ ተረጎመችው።

“ያለኝ አንድ ዓይን ነው። ታዲያ እኔ ክፉ ነኝ ወይ? ይልሃል።”

ለሁሉም ነገር መልስ አላጣም። ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። መስመሩ አልተቋረጠም፤ መብራትም አልጠፋም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሚሆ ስልኩን ወደ መሬት አዞረችው። ወደሚቀጥለው ቤት ሲራመድ ጫማውን ብቻ አየሁ።

ሁለት ቀን አልደወልኩም። በሥራ አሳበብኩ እንጂ እውነቱ ኩራት ነው። ብዙ ነገር ራሴን አስተምሬያለሁ፤ ይቅርታ መጠየቅን ግን አላስተማርኩትም ነበር። በሦስተኛው ቀን ስደውል ሚሆ ሆስፒታል በር ላይ ነበረች። ልቡ ደክሞ አስገብተውታል። በኮሮና ምክንያት ጠያቂ አይገባም።

የድሮውን ፊት በነጭ ቀለም አጥፍቼ እንደ አዲስ ጀመርኩት። ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን፤ ግራው የተከፈተ፣ ቀኙ እንደተኛ ሰው የተከደነ። ፎቶውን ላክሁ። ሚሆ አሳትማ ለአንዲት ነርስ ሰጠቻት። በዚያው ሳምንት ሞተ። ሥዕሉ ይድረሰው አይድረሰው እስከዛሬ አናውቅም።

“ያን ቀን ስንመለስ ስለ አንተ ጠይቆኝ ነበር” አለችኝ በኋላ።

“ምን ብሎ?”

“‘ሰንሰይ ዝም አለ፤ ፊቴ አስደንግጦት ይሆን? ነገ ባርኔጣዬን አላወልቅም በዪው’ አለ።”

ስልኩን እንደያዝኩ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ታደሰ ሱቁን ትቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አላሾፈም።

መንገዱ ሲከፈት እንደገና ጋበዙኝ፤ አልሄድኩም። ካፖርቱ እንደተሰቀለ ነው። ባዶ ቤቶቹን አሁን ሚሆ ትከፍታለች፤ የእሱም ቤት ተጨምሮባታል።

ያ ግድግዳ ከሥራዎቼ ሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ለማለት አላፍርም። ሰው ከሩቅ ሰፈር እየመጣ ያየዋል። እኔ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆሜ “አይደለህም ጋሼ” እለዋለሁ። ያን ቀን ሲጠይቀኝ ብዬው ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል ብቻ ነበረች።

“ጋሽ መኩሪያ፣ ይሄኛው ላይ ስምህን ረሳኸው እኮ” ይለኛል ታደሰ።

ቀለም አልቆብኝ ነው እለዋለሁ።