የአባቴ ኬሻ

የእህቴ ልጅ የፍራኦል መኪና፣ ማቀዝቀዣዋ ሲከፈት መጀመሪያ የምታወጣው ነፋስ የረጠበ ኬሻ ይሸታል። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ምንም የማይሸት፣ የየትኛውም አገር ሊሆን የሚችል ብርድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአሶሳ ገበያ ከነዘንቢሌ ሲያሳፍረኝ ግን ያቺ አፍታ በቃችኝና፣ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ ኬሻ በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ፊቴ ድቅን አለ።

ፍራኦል ይህን በምን ይወቅ። እሱ መኪናውን እያስጎበኘኝ ነበር፤ ወንበሩ ከሥር እፍ እያለ ጀርባን እንደሚያቀዘቅዝ፣ መስታወቱ በአንድ ጣት ወርዶ እንደሚወጣ፣ ወደ ኋላ ሲነዳ ከኋላው የተኛችውን ፍየል ሳይቀር በትንሿ ቴሌቪዥን እንደሚያያት። ዘመድ መኪና ሲገዛ ማድነቅ ደንብ ነውና እኔም ይባርክልህ እያልኩ ዘንቢሌን አቅፌ አዳምጠዋለሁ። ድንገት «ይቺ እኮ መካከለኛዋ ናት አክስቴ፤ ድሮ የባለጸጎች መኪና ላይ ብቻ የነበረው ሁሉ ቀስ በቀስ ለእኛም ወረደልን» አለኝና፣ በዚያው አፉ ማክሰኞ ቆራሌው እንደሚመጣ፣ አሮጊቷን ጭኖ እንደሚወስድለት፣ ማንጎው ሥር ለአዲሲቱ የቆርቆሮ ጥላ እንደሚያቆም ነገረኝ። አሮጊቷ የሚላት ከግቢያችን ማንጎ ሥር በአራት ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን የአባቴን መኪና ነው። በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ የተስማማሁ መሰለው። እኔ ግን ያች «ወረደልን» የምትለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ብላኝ ነበር።

በልጅነቴ አሶሳ ውስጥ መስታወቱ በራሱ የሚወርድ መኪና እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ የባለሆቴሉ የጋሽ ደምሴ ጥቁር መኪና። ከአዲስ አበባ በወለጋ መንገድ ስትገባ ቀይ ነበረች፤ ከታጠበች በኋላ ነው ጥቁር መሆኗን ያወቅነው። የሰፈሩ ልጆች በሆቴሉ በር ተኮልኩለን መስታወቱ ሲወርድና ሲወጣ እንጠብቃለን፤ በሩ ውስጥ እጀታ የሚያዞር ትንሽ ሰው አለ ብሎ የማለ ልጅም ነበር። ከሁሉ የበለጠብን ግን ቅዝቃዜው ነው። አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ በሩን ከፍቶ ከሰው ጋር ሲያወራ፣ አንዱ ጓደኛችን እጁን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርጎ አቆየና እየሮጠ መጥቶ መዳፉን በየጉንጫችን ላይ አሳረፈልን። መጨረሻ ላይ የቆመችው እኔ ስለነበርኩ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ እጁ እንደወትሮው ሞቋል። ሰው ወረደልን ሲለኝ ትዝ የሚለኝ ያ ሙቅ መዳፍ ነው።

አባቴ ጋሽ ገመቹ ከመንዲ መጥቶ አሶሳ ቤት የሠራ፣ በአንዲት ያረጀች የቤት መኪና ከአሶሳ ባምባሲ፣ ከአሶሳ ሆሞሻ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። መኪናዋ ስንት እጅ ዞራ እሱ እጅ እንደገባች ማንም አያውቅም፤ ቀለሟ የዕርጎ ነበር ይባላል። አባቴ ከጥቁሯ መኪና አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ቤት እንደመጣ ማንጎው ሥር መዶሻ መሰማት ይጀምራል፣ እናቴም የቤት ዕቃዋን መቁጠር ትጀምራለች። የጋሽ ደምሴ መኪና በመሃል ክንድ ማሳረፊያ አላት ሲባል የእናቴ ትራስ ጠፋ። የኋላው መስታወት ከጋቢና ይታዘዛል ሲባል አባቴ የቆዳ ጠፍር በበሩ ውስጥ አሳልፎ ከፊት እየጎተተ የኋላውን መስታወት ማውረድ ቻለ፤ ማውጣቱን ግን ተሳፋሪው ራሱ በእጁ ነበር የሚያግዘው። ጥቁሯ ወደ ኋላ ስትሄድ ጢጥ ጢጥ ትላለች ሲባል ደግሞ ማርሹ ላይ የፍየል ቃጭል አሰረ። ቃጭሉ የኋላ ማርሽን ከሌላው መለየት ስላቃተው በየዳገቱ ይጮህ ነበርና፣ አንድ የሆሞሻ ሽማግሌ ከእግራቸው ሥር ፍየሏን ሲፈልጉ ባምባሲ ደረሱ።

የኬሻው ነገር ከሁሉ የከበረ ነበር። አባቴ የሰሊጥ ኬሻ ይዘረጋና በንፋስ በኩል ባለው የኋላ መስኮት ላይ ከውጭ ይሰቅለዋል፤ ከጣራው የዕቃ መጫኛ፣ ከፖርቶ መጋላው ላይ ካሰረው ጀሪካን በቀጭን ቱቦ ውኃ ጠብ፣ ጠብ እያለ ያርሰዋል፤ መኪናዋ ስትሮጥ ንፋሱ በእርጥቡ ኬሻ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ እውነቴን ነው፣ ይቀዘቅዛል። የወንዝ ዳር ሽታ፣ የሰሊጥ ሽታ፣ የገመድ ሽታ ይዞ ይገባል። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች ገመቹ ሆይ፣ መኪናህን ወባ ይዟት ነው እርጥብ ጨርቅ ያደረግክላት እያሉ ይስቁበታል። ቆይ ታገሥ፣ እንዲህ ያለው ነገር ነገ ለሁሉም መኪና ይመጣል የሚሉትም ነበሩ። ለእነዚህኛዎቹ አባቴ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ «አቦ፣ አፉን ከፍቶ ማንጎ እስኪወድቅለት የሚጠብቅ ሰው ዝንብ ነው የሚበላው» ይላቸዋል።

ታላቅ እህቴ ሌንሴ፣ የፍራኦል እናት፣ ለባምባሲ ልጅ የተዳረችው በሚያዝያ ነው፤ ዝናብ መጣ መጣ እየተባለ በሚቀርበት፣ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ በሚያልብበት ወር። ዋዜማውን ጎረቤታችን ኻልቲ ሃዋ እጇን ቀይ ሂና ተቀብታ፣ ለሌንሴም በጥብጣ ይዛ መጣች። ኻልቲ ብለን የምንጠራት በእነሱ ቤት የእናት እህት እንደዚያ ስለምትጠራ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ሆሞሻ ሆኖ እኛ ሰፈር ያገባች፣ ገበያ ላይ ባሚያ የምትሸጥ፣ ከእናቴ ጋር እሳት የምትበዳደር ሴት ነበረች። እናቴ የአማቾቹን ዓይን ፈርታ፣ በእኛ ሙሽራ ሂና አትቀባም ብላ በለሰለሰ አፍ መለሰቻት። ኻልቲ ሃዋ ጎድጓዳ ሳህኗን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ቅር እንዳላት ልጅ ሆኜም ታውቆኛል።

ያን ጊዜ በከተማችን በደንብ ተሞሸረች የምትባለው በጋሽ ደምሴ መኪና የሄደች ናት። ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረምና መኪናዋን ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ የሠርጉ ዕለት ጠዋት ግን በአውሮፕላን እንግዳ ስለመጣበት መኪናዋ አየር ማረፊያ መሄዷን፣ ከሰዓት በኋላ እንደምትደርስ ላከ። ሙሽራው በሚኒባስ መጥቶ ደጃችን ቆሟል። አክስቱ፣ ባምባሲ ላይ ስማቸው የሚጠራ ወይዘሮ፣ የወንድማቸው ልጅ ሙሽሪትን በሚኒባስ ይዞ ከሚገባ ከሰዓቱን እንጠብቅ አሉ። ባምባሲ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ሰው ሞልቶ፣ መዘምራኑ ቆመው ይጠብቃሉ። ሌንሴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ማንጎው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ላቧ ቀሚሱ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቅል ብላለች።

አባቴ አያትና ኮቱን አውልቆ ለእናቴ ሰጣት። «ልጄ ተጎልታ የሰው መኪና አትጠብቅም» አለ። «መኪና አላት።»

ያረጀችውን መኪና አጥቦ፣ ሪባን አስሮባት፣ ጀሪካኑን ሞልቶ፣ ያልተነካ አዲስ ኬሻ ሰቀለ። ሌንሴና ሙሽራው ከኋላ ተቀመጡ፣ አበባ ያዥ ነኝና እኔ መሃላቸው ተወሸቅሁ። ከተማውን እስክንወጣ ድረስ እንዲያ ያለ ቅዝቃዜ ኖሮ አያውቅም፤ የሌንሴ ትከሻ ሲላላ፣ ሙሽራው ፈገግ ሲል አይቻለሁ። አባቴ አንድ ነገር ዘንግቶ ነበር። በሥራ ቀን ማንም ከፊቱ እንዲሄድ የማይፈቅድ ሾፌር ነው፤ አቧራ የሚያጠጣ እንጂ የሚጠጣ አይደለም። በሠርግ ግን ዘፋኞቹን የጫነ ፒካፕ ከፊት ይመራል፣ ሙሽራ ደግሞ ይከተላል። የባምባሲ መንገድ ያን ጊዜ ጠጠርና ቀይ አፈር ነበር። ፒካፑ ያስነሳው አቧራ እርጥቡ ኬሻ ላይ እየለጠፈ፣ ውኃው ከላይ ጠብ እያለ እየበጠበጠው፣ ኬሻው ጭቃ ጠግቦ ከበደ። አንድ ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ስትዘል ማሰሪያው ተበጠሰና ኬሻው በመስኮቱ ገብቶ የሌንሴ ጭን ላይ ዘፍ አለ።

ነጩ ቀሚስ ከወገብ እስከ ጫፍ ቀላ። አባቴ መኪናዋን አቆመ፣ ዞሮ አየ፣ ሞተሩንም አጠፋ። መንገድ መሃል ሞተር ሲያጠፋ አይቼው አላውቅም። ሌንሴ ኬሻውን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ ውጭ አወጣችና «ንዳ አባዬ» አለችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንወርድ እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። የሙሽራው አክስት ነጠላቸውን አውልቀው እየሮጡ መጥተው ወገቧ ላይ ጣሉባት፤ ጓዳ ገብታ የአንዷን ሚዜ ቀሚስ ትልበስ፣ ፎቶ እንዳታነሱ፣ ይሉ ጀመር። አባቴ መኪናው በር ላይ ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ ከጎረቤቶቻችን ሚኒባስ የወረደችው ኻልቲ ሃዋ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጥታ፣ ቀሚሱን በሂና እጇ ያዝ አደረገችና ወደ አክስትየዋ ዞረች።

«ትላንት እኔ ሂና ላድርግ አልኩ፣ እናንተ እምቢ አለ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ዛሬ አሶሳ ራሱ አደረገ። ኻላስ፣ አለቀ፤ ማን ነው ይሄን የሚያጥብ?»

የሳቀም ነበር፣ ያፈረም ነበር። እናቴ መሬት መሬት አየች። ሌንሴ ግን የአክስትየዋን ነጠላ አጣጥፋ መለሰችላቸው፤ «በአባቴ መኪና ነው የመጣሁት፣ አልቀይርም» አለችና ሄዳ የአባቴን ክንድ ያዘች። በዚያ ቀይ ቀሚስ ቤተ ክርስቲያኑን መሃል ለመሃል ሲያልፉ መጀመሪያ እልል ያለችው፣ ሙስሊም በመሆኗ ደጅ የቀረችው ኻልቲ ሃዋ ናት። ከዚያ ሁሉም ተቀበላት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ እንደተባለው ወረደ። መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤት መኪኖች፣ ቀጥሎ ለነጋዴዎች፣ በመጨረሻም ለእነ ፍራኦል። የጋሽ ደምሴ ጥቁር መኪና መስታወቷ ግማሽ ላይ ተነክሶ ቀርቶ ከሆቴሉ ጓሮ የዶሮ ማደሪያ ስትሆን፣ መናኸሪያው ሁሉ አባቴ ይስቃል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሱ ግን ሄዶ አያት፣ ብዙ ነገር አስተምራኛለች ብሎም ተመለሰ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እሱም አረፈ። አሁን ወንበሩ ያቀዘቅዛል፣ መኪናው ያወራል፣ የተበላሸ እንደሆነ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይጠራል። እሺ፣ ይመቻል፤ አይመችም ብል እግዜርም ይታዘበኛል። ግን ከዚህ ሁሉ ምቾት ውስጥ የእኛ እጅ ያለበት የትኛው ነው? ሰውን የሚያስቅ፣ ጎረቤት የሚሰበስብ፣ ሲበላሽም የሚያኮራ ነገር ነበረን፤ እሱን አጥተናል። ላጣነው ነገር ቅዝቃዜው ካሳ ነው እንዲባል አልፈልግም።

ይህን ሁሉ ለፍራኦል አልተነተንኩለትም። የአያቱ መኪና ከግቢው አትወጣም አልኩት፣ በቃ። ስለ ኬሻው የሚያውቀው እንደ ድህነት ቀልድ ነውና ሳቀ፤ ዕቃው ዝጓል፣ ሞተሩ ሞቷል፣ ቦታ ይዟል አለኝ። «እናቴ ትፍረደን» ብሎ ባምባሲ ደወለ። የሌንሴ ድምፅ ከመኪናው ጣራ ላይ ወረደ። ነገሩን ሁሉ አስረዳት፣ ቆራሌው ማክሰኞ ሚዛን ይዞ እንደሚመጣ ጭምር።

«መጀመሪያ እኔን ይመዝነኝ በለው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ወደ ሰፈራችን ታጥፈን አንድ ባጃጅ አሳልፈን ስንገባ ኻልቲ ሃዋ እንደ ልማዷ ከበሯ ላይ ተቀምጣለች። አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል፤ ላለፈ መኪና ሁሉ እጇን ታነሣለች፣ ማን እንዳለበት ስለማታይ ማንንም አታሳልፍም። ለእኛም አነሣች። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ሆነን እኛ እናያታለን፣ እሷ አታየንም። ፍራኦል ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳለፋት አሰብኩና ደሜ ፈላ።

ቁም አልኩት፣ ቆመ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ መስታወቱ ያለ ጠፍር፣ ያለ አጋዥ እስከ ታች ወረደ። ክንዴን አውጥቼ «ኻልቲ፣ የገመቹ ልጅ ነኝ» አልኳት፤ እሷም እጄን በሁለት እጇ ይዛ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሌንሴ፣ ስለ ማንጎው ትጠይቀኝ ጀመር። ያለፍነው ባጃጅ ከኋላችን ደርሶ በጎናችን ሲያልፍ ቀዩን አቧራ አንሥቶ በተከፈተው መስኮት በኩል በነጩ ወንበር ላይ ነፋው።

«አክስቴ፣ አቧራው እኮ ገባ» አለ ፍራኦል።

«ይግባ» አልኩት።