ለፀጉር የተላከ ቅቤ

አጎቴ ከበደ የሞተው በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። እህቱ ውባንቺ፣ እናቴ፣ መሞቱን የሰማችው በፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት ነው። በመሀሉ ባሉት ቀናት የመርካቶ ቅቤ ተራ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ዕድሩ ያውቅ ነበር፤ ወንድሜ ኢዩኤል ያውቅ ነበር፤ እኔም ልጇ ሜሪ አውቅ ነበር። ያላወቀችው የሐዘኑ ባለቤት ብቻ ነበረች።

እናትሽ ማን ናት ሲሉኝ "ቅቤ ነጋዴ ናት" ብዬ አልፋለሁ። እንዲህ በአንድ ቃል የምታልቅ ሴት ግን አይደለችም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከሸኖ ገጠር መጥታ አውቶቡስ ተራ ስትወርድ የተቀበላት ወንድሟ ከበደ ነው። ያኔ እሱም ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ከአውቶቡስ ጣራ ላይ ዕቃ የሚያወርድ ኩሊ ነበር። ከሲኒማ ራስ ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ አልጋውን ለእሷ ለቆ እሱ መሬት ተኛ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተማራት ጀርባው ነው። በዓል ሲደርስ ሲኒማ ራስ የሙዚቃ ባንድ ይመጣ ነበር። ትኬት መግዛት ስለማይችሉ ሁለቱ ከግድግዳው ውጭ ቆመው ያዳምጣሉ። "አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ዘፋኙን ፊት ለፊት እያየሽ ትሰሚያለሽ" ይላት ነበር። ይህን ታሪክ በዓል በመጣ ቁጥር ትነግረናለች፤ እኛም አዲስ እንደሆነ ሁሉ እንሰማታለን።

ኋላ እሱ ወደ ሸኖ ተመልሶ ከገበሬ ቅቤ እየሰበሰበ ይልክላት ጀመር፤ እሷም ቅቤ ተራ ሱቅ ይዛ መሸጥ ጀመረች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ። እናቴ ቅቤን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። በጣቷ ትንሽ ቆንጥራ የእጇ ጀርባ ላይ አሸት አሸት ታደርግና ታሸተዋለች። ባዕድ ነገር ከገባበት "ይሄ ላም አያውቅም" ብላ ለባለቤቱ ትመልሳለች። ለፀጉሯ ግን የማንንም ቅቤ አታምንም። ከበደ በሚልከው ጭነት መሀል ሁልጊዜ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ለጋ ቅቤ አለች፤ ያቺ አትሸጥም፣ የእህቱ የፀጉር ድርሻ ናት። ለዚያ ፋሲካም መጣች። ማክሰኞ ከሸኖ የተጫነው ቅቤ ረቡዕ በማለዳ መርካቶ ገባ። ከበደ ደግሞ በዚያው ረፋድ ከቤቱ ደጃፍ ወደቀና አልተነሳም።

ሚስቱ እታገኝ የደወለችው ለኢዩኤል ነው። እኛ ዘንድ የወንድም ሞት ለእህት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጠዋት መጥቶ፣ ሰውየውን አስቀምጦ ያረዳል። ከሰዓት በኋላ የዕድራችን ዳኛ ጋሼ ሀብተሚካኤል ቤት ተሰበሰብን።

"ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ፍትሐት እንኳ የለም" አሉ ጋሼ ሀብተሚካኤል። "ደግሞ አክፍሎት ትይዛለች። አምና ደም ግፊቷ ሱቋ ውስጥ እንደጣላት ረሳችሁት? በባዶ ሆዷ ብንነግራት ሁለት ቀብር ነው የሚሆንብን። በዓመት በዓልም መርዶ አይነገርም። ፋሲካን ትዋል፤ ሰኞ ጠዋት እናረዳታለን።"

"ቀብሩስ ጋሼ? ሳታየው ሊቀበር ነው?" አልኳቸው።

"ቀብሩን እኛ እንወጣለን፤ ነገ በጠዋት ሸኖ እንሄዳለን። አንቺ እናትሽን ጠብቂ።"

ጠብቂ አሉኝ፤ ከምን እንደምጠብቃት ግን አልነገሩኝም። እኔ ሌላ ጊዜ አፈኛ ነኝ፤ ኢዩኤል "መርፌ ምላስ" ነው የሚለኝ። ሽማግሌ ፊት ግን ምላሴ ይታሰራል። የዚያን ዕለትም ታሰረ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሐሙስና ዓርብ ሱቋ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ፣ ሰው አፉ እንዳያመልጠው። ፋሲካ ለቅቤ ነጋዴ የዓመቱ ትልቅ ገበያ ነው፤ ተራው በጩኸት ጆሮ ይበሳል። እሷ ስታልፍ ግን ድምፅ ይቀንሳል። በደንበኛ የተነሳ ከእሷ ጋር ለዓመታት ተኮራርፈው የኖሩ አንድ ነጋዴ "እንደምን ዋልሽ ውባንቺ" ብለው ሳትጠይቃቸው ሚዛናቸውን አዋሷት። እናቴ ሳቀች።

"ዘንድሮ ምን ነክቷቸው ነው? ጾሙ ሰው አደረጋቸው" አለችኝ።

የሱቅ ጎረቤቷ ራህማ ናት፤ ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ ሠርተዋል። ዓርብ ከጆንያዎቹ ጀርባ በክንዴ ጎተተችኝ።

"ስሚ ሜሪ፣ እኛ ጋ ሞት አይደበቅም። ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፣ ወዲያው ይቀበራል፣ አለቀ። ይሄ ምን የሚሉት ሥራ ነው?"

"ሽማግሌዎቹ ናቸው እኮ ራህማዬ።"

"እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ዓይኗን እያየሁ አልዋሽም፤ ውቢ ታውቅብኛለች" አለችኝ። በማግስቱ፣ ቅዳሜን በሚያህል የገበያ ቀን፣ ሱቋን ሳትከፍት ቀረች።

"ራህማ አሟት መሆን አለበት፤ ሰኞ ሄጄ እጠይቃታለሁ" አለች እናቴ።

ለበዓሉ ጫካ መሄዱ የኢዩኤል ሐሳብ ነው። ኢዩኤል እዚያው መርካቶ ስልክ ይሸጣል፤ ለሁሉም ነገር መላ አለኝ ባይ ነው። በዓሉን ሰፈር ከዋለች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያገኛት ሁሉ ፊቱ ይናገራል፣ ስለዚህ እናርቃት አለ። ከከተማው በስተሰሜን፣ እንጦጦ ላይ፣ በባሕር ዛፍና በጽድ መሀል የእንጨት ቤት የሚያከራይ ሎጅ አገኘ።

"ፋሲካን ጫካ? ጅብ ነኝ እንዴ?" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ እሁድ ከሰዓት ሙዚቃ አለ። ባንድ እዚያው ይጫወታል፤ ወንበር ይዘንልሻል፣ ፊት ለፊት" አላት።

ቀጥላ የጠየቀችው ምን እንደምትለብስ ነው።

ቅዳሜ ቅቤው ሲያልቅ፣ ግንባሯ ላይ ቄጤማ እንዳሰረች፣ በኢዩኤል መኪና ወጣን። ለቅዳሴው እንጦጦ ማርያም ሄድን፤ ከዚያም ሎጁ ገብተን ፈሰክን። እሁድ ጠዋት ስነቃ ጫካው በጉም ተሸፍኗል። ከባሕር ዛፉ ቅጠል ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከታች ያለው ከተማ ጨርሶ አይታይም። እናቴ በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሳ ስልኳን በእጇ ይዛለች። ፋሲካ ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚደውልላት ከበደ ነው።

"እስካሁን አልደወለም" አለችኝ።

ስልኳን ቅዳሜ መኪና ውስጥ ተቀብዬ ፍላይት ሞድ ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ። "ጫካ እኮ ነው እማዬ፣ ኔትወርክ የለም" አልኳት።

"እናንተ ስትደዋወሉ አይደል እንዴ ያደራችሁት?"

"የኛ መስመር ሌላ ነው።"

አመነችኝ። በአፍንጫዋ የተበረዘ ቅቤ የምትለይ ሴት የልጇን ውሸት ሳትለይ ቀረች። ልጇ ስለሆንኩ ነው፤ ልጇ ባልሆን ኖሮ ትደርስብኝ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ፀሐይ ብቅ አለች። እናቴ ከቦርሳዋ ነጩን ቋጠሮ አወጣችና ፈታችው። "ነይ ቅቢኝ፣ ፀሐይዋ ሳትሄድብን" አለች።

ሐዘንተኛ ሴት ፀጉሯን ትቆርጣለች እንጂ ቅቤ አትቀባም። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። "ብርድ ነው፣ ነገ ቤት ስንገባ ይሻላል" ብዬ ሞክሬ ነበር።

"ነገ ምን በዓል አለ?" አለችኝ።

ከኋላዋ ቆሜ ፀጉሯን ፈታሁት። ሽበቷ በዝቷል። ቅቤውን በመዳፌ አሟሟሁትና ከመሀል አናቷ ጀምሬ እስከ ጆሮ ግንዷ አሸሁት። በጣቶቼ መሀል ቀልጦ በአንገቷ ወረደ። እሷ ዓይኗን ጨፍና "የከበደ ቅቤ ሽታው ራሱ ይለያል፤ ላሟን የሚመርጣት እሱ ነው" ትለኛለች። እንባዬ አመለጠኝ። አፍንጫዬን ስስብ ሰምታ ዞር ስትል "ብርዱ ነው" አልኳት። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ! በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሙዚቃው ተጀመረ። በጽዶቹ መሀል ሣሩ ላይ መድረክ ሠርተዋል፤ ኪቦርድ፣ ከበሮ፣ አንዲት ዘፋኝና አንድ ማሲንቆ መቺ። ኢዩኤል ቃሉን ጠብቆ የፊተኛውን ወንበር ይዞላታል። እናቴ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማች። ፊቷ የልጅ ፊት ሆነ። "ከበደ ይሄን ባየ" አለች፤ ደግማ አለችው። ማሲንቆ መቺው ግጥም እየተቀበለ በሰው መሀል ሲዞር እሷ ጋ ደረሰ። እናቴ፣ ሰው ፊት ድምፅ የማታሰማው እናቴ፣ ቀና ብላ ግጥም ሰጠችው፦

"ወንድም ያላት እህት ምን ያስጨንቃታል፣
ተራራ ብትወጣ ጥላው ይደርሳታል።"

"ለማን ልበል እናቴ?" አላት።

"ለወንድሜ፣ ለከበደ!"

አዝማሪው ተቀበላት። ከበደን ጀግና አለው፣ ደግ አለው፣ ሺህ ዓመት ይኑር አለው። ሰው አጨበጨበ። እናቴ ተነስታ እስክስታ ወረደች። በቅቤ የራሰ ፀጉሯ በፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር። ኢዩኤል በስልኩ ይቀርጻታል፤ ቪዲዮውን እስከ ዛሬ ከፍተን አላየነውም። ከበደ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር።

"ቅረጽልኝ፣ ለእሱ ትልክለታለህ" አለችው እያለከለከች።

ሰኞ በማለዳ ወረድን። ሰፈራችን ስንታጠፍ የዕድሩ ድንኳን በራችን ላይ ተተክሏል።

"ውይ! ማን ሞተብን?" አለች። ኢዩኤል መኪናውን አቆመ። እሷ በመስታወቱ እየተመለከተች በሕይወት ያለውን ሰው መቁጠር ጀመረች። "ጋሼ ሀብተሚካኤል ይሆኑ? የለም፣ ያው ቆመዋል። ራህማ ናት፣ አሟት ነበር... የለም፣ ራህማም ያቻት።" ራህማ ራሷን ደፍታ ቆማለች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱት የሰፈር ሴቶች ወደ መኪናው መጡ። ከመሀላቸው እታገኝ፣ የከበደ ሚስት፣ ጥቁር ለብሳ ወጣች። እናቴ መቁጠሯን አቆመች።

"ከበዴ ነው" አለች።

ደግፈው አስገቧት። ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ ሴቶቹ እጇን ያዙ። ጋሼ ሀብተሚካኤል የሚሉትን አሉ፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ነበር፤ አወረደችና መዳፏን አየችው። ከዚያ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሱቋ ውስጥ እንደምታደርገው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"መቼ ነው የሞተው?" አለች።

"ረቡዕ" አሉ ጋሼ። "ላንቺ ብለን ነው ልጄ፣ ለጤናሽ..."

እሳቸውን አልሰማቻቸውም። የምታየው እኔን ነው።

"ስትቀቢኝ ታውቂ ነበር?"

"አዎ እማዬ።"

"መቀስ አምጪ።"

አመጣሁ። እታገኝ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። "አይሆንም!" አለች እናቴ። "የቀባችኝ እሷ ናት። እሷው ትቁረጠው።"

ድንኳን ሙሉ ሰው እያየ ቆረጥኩት። መቀሱ በቅቤው እየተንሸራተተ እምቢ አለኝ፤ አንዱን ቦታ ሁለት ሦስቴ መቁረጥ ነበረብኝ። ነጩን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የወደቀውን ሁሉ እየለቀመች አስቀመጠችበት። ስጨርስ ቋጠረችው። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ፀጉሯ አድጓል፤ ቅቤ ግን አልነካውም። ቅቤ ተራ ትውላለች፣ ከራህማ ጋር ትሳሳቃለች፣ ጋሼ ሀብተሚካኤልን ታከብራቸዋለች። ከእኔም ጋር ሰላም ነን፤ እንስማማለን፣ አብረን እንበላለን። ባለፈው ዕንቁጣጣሽ ኢዩኤል "ልብስሽን ልበሺ፣ ምሳ ልጋብዛችሁ" አላት።

"ማን ሞቶ ነው?" አለችው።

"ማንም አልሞተም እማዬ፣ በዓል ነው።"

ወደ እኔ ዞረች። "ማንም አልሞተም እማዬ" አልኳት እኔም። ስልኳን አወጣችና ያሏትን ዘመዶች አንድ በአንድ ደወለችላቸው። የሁሉንም ድምፅ ከሰማች በኋላ ነው ጫማዋን ያደረገችው።