ሊያንዢና ሁለቱ ድምፆች

ታን ሊያንዢ የገዛ ስሟን አስተካክላ መጥራት አትችልም ነበር። ስሟን ስትጠየቅ «ኒያንዢ» ትላለች። በተወለደችበት ተራራ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው፤ «ነ» እና «ለ» ለጆሯቸው አንድ ናቸው። እዚያ ማንም ተቸግሮ አያውቅም። ችግር የሆነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 መኸር፣ ያንግትዜ ወንዝ ዳር ያለው ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ እንግሊዝኛ ልታጠና ስትመደብ ነው። እኔ ዪፒንግ እባላለሁ፤ የእሷ አልጋ ከታች፣ የእኔ ከላይ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህር ጓን ስለ ሕይወታችን አጭር ንግግር እንድናደርግ አዘዙን። ሊያንዢ ተነሥታ «ማይ ናይፍ» ብላ ጀመረች። «ማይ ላይፍ»፣ ሕይወቴ ማለቷ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ቢላዋዬ ነው። ቢላዋዋ ተራራ ላይ እንደተወለደ፣ ከባድ ግን ደስተኛ ቢላዋ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ተናገረች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ጓን አልሳቁም። እሷ ምን እንዳሳቀን የገባት ማታ እኔ ስነግራት ነው። ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተኛች።

በኅዳር መምህሩ ቢሮ ጠሯት። የመንፈቀ ዓመቱን የንግግር ፈተና ካላለፈች ወደ ታሪክ ትምህርት ክፍል እንደምትዛወር ነገሯት። «የምትመረቂው አስተማሪ ልትሆኚ ነው» አሏት፤ «ያንቺ ስሕተት ያንቺ ብቻ ሆኖ አይቀርም።»

ለቤቷ አልጻፈችም። እኔ ጻፍኩ፤ ሳላስፈቅዳት። በሁለተኛው ሳምንት አባቷ በጀልባና በአውቶቡስ ተሳፍረው፣ ረጅሙን የጥጥ ደጋናቸውን በጀርባቸው አዝለው የዶርማችን በር ላይ ቆሙ። ጥጥ ነዳፊ ናቸው፤ ያረጀ ብርድ ልብስ ፈትተው፣ ጥጡን ነድፈው፣ መልሰው እንደ አዲስ ያደርጉታል።

«አባዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አለች ሊያንዢ ደንግጣ።

«ምን እንሆናለን? የብርድ ወራት ነው፤ ከተማ ውስጥ የሚነደፍ ብርድ ልብስ ይጠፋል?» አሉና እኔን በዓይናቸው ጠቀስ አደረጉኝ።

ያን ቀን ከሰዓት መምህር ጓን ቤት ሄዱ፤ መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነበርኩ።

«መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «የልጄ ችግር ምላሷ ነው ጆሮዋ?»

መምህሩ ሁለቱን ድምፆች እያፈራረቁ አሰሟቸው። አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለእኔ አንድ ነው የሚሰማኝ። እንግዲያው ከእኔ ነው የወረሰችው።»

«ከመንደሩ ሁሉ ነው የወረሰችው» አሉ መምህሩ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና የእንግዳቸውን ጣት ይዘው በገዛ አፍንጫቸው ጎን ላይ አስቀመጡት። «ንንን» አሉ። ቀጥለው «ልልል»።

የአባቷ ፊት በራ። «የመጀመሪያው ይንቀጠቀጣል። እንደ ደጋኔ ጅማት።»

«እኔ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ሩሲያኛ ነው» አሉ መምህሩ። «በአርባ ዓመቴ እንግሊዝኛ አስተምር ሲሉኝ ምላሴ እንቢ አለ። ባለቤቴ ናት በየማለዳው መንጋጋዬን ይዛ ያስተካከለችኝ። የሚያፍር ሰው ቋንቋ አይማርም።»

ከማግስቱ ጀምሮ አባትና ልጅ በየማለዳው ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ይቆሙ ነበር። ሌሎቻችንም በየዛፉ ሥር ጮክ ብለን እናነባለን፤ ልማዳችን ነው። እሷ ቃሉን ትላለች፤ እሳቸው በጥጥ ብናኝ የነጣ ጣታቸውን አፍንጫዋ ላይ አድርገው «ተንቀጠቀጠ»፣ «አልተንቀጠቀጠም» ይላሉ። የክፍላችን ልጆች የሩዝ ሾርባቸውን ይዘው ሲያልፉ ማሾፍ ጀመሩ፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው «አጎቴ» ይባላል።

«አጎቴ፣ አፍንጫዋ ዛሬ ምን የሬዲዮ ጣቢያ ያዘ?»

«ያንተን አምጣውና ልፈትሽልህ» ይላሉ ሳይዞሩ።

ሊያንዢ መጀመሪያ በኀፍረት ትቀላ ነበር። ውሎ አድሮ ተወችው። ጣታቸው ውርጭ ሲሆንባት ግን ጨብጣ ታሞቀዋለች፤ ከዚያ ይቀጥላሉ።

ከፈተናው ቀን በፊት በነበረው ማለዳ፣ አባቷ የቃላቱን ፍቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁ።

«እነዚህ ሁለቱ፣ አሥር ጊዜ ያስባልኩሽ፣ ምንድን ናቸው?»

«የሚንቀጠቀጠው ቢላዋ ነው። የማይንቀጠቀጠው ሕይወት።»

«ደግ ነው» አሉ። «ቢላዋው ይንቀጥቀጥ። ሕይወትሽ ጸጥ ይበል።»

በማግስቱ ሦስት ፈታኞች ፊት ተቀመጠች። ጣቷን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ማንበብ ስትጀምር አንደኛው «ምንድነው ይሄ? እጅሽን አውርጂ» አላት። መምህር ጓን «ተዋት፤ የምንፈትነው አፏን ነው» አሉ። ቀስ ብላ አነበበች። ስድስት ቦታ ተሳሳተች፤ ሦስቱን ራሷ ሰምታ አረመች። ማለፊያው ስድሳ ነበር፤ ስድሳ ሁለት አገኘች።

አባቷ ሲነገራቸው ደጋናቸውን እያሰሩ ነበር። «ስድሳው የራስሽ ነው» አሏት። «ሁለቷ የኔ ናት።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ገመዱን ደጋግመው ማሰር ያዙ፤ ታስሮ አልቆ ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ለመምህር ጓን አዲስ ብርድ ልብስ ሠርተው ነበር። መምህሩ ከተማሪ ቤተሰብ ስጦታ እንደማይቀበሉ ስለሚያውቁ ለመምህሩ ባለቤት ሰጧቸው፤ ሴትዮዋም ሳያንገራግሩ ተቀበሉ።

ሊያንዢ በ1991 ተመርቃ አውራጃዋ ውስጥ ወዳለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ከተማ እንድትቀር ተጠይቃ ነበር፤ እንቢ አለች። ሠላሳ ዓመት አስተማረች። እኔ የንግድ ድርጅት አስተርጓሚ ሆኜ ብዙ አገር ዞርኩ። ባለፈው ጸደይ ልጠይቃት ስሄድ አባቷ ሰማንያ ስምንት ዓመት ሆኗቸው በረንዳው ላይ የአተር እሸት ይፈለፍሉ ነበር።

«አንቺ ነሽ ደብዳቤ የጻፍሽው» አሉኝ ቀና ብለው።

«እኔ ነኝ አጎቴ። ሳላስፈቅድ።»

«የመንደራችን አስተማሪ ሲያነብልኝ ጽሕፈትሽ አስቀያሚ ነው ብሎ ተቸግሮ ነበር» አሉና ግማሹን እሸት ወደ እኔ ገፉልኝ። ሊያንዢ ከወጥ ቤት «አባዬ፣ እንግዳ አያሠሩ» ስትል ተሰማ። እኔ ግን ወንበሬን አስጠግቼ መፈልፈል ጀምሬ ነበር።