የቆቋ ጉበት

ይህችን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። ጸሎት ቤት ተንበርክኬ ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ እሷን ዘልዬ ነው የማልፈው። ዛሬ ለማላውቅህ ለአንተ ላውጣት።

ቡታጅራ ከብየዳ ቤቴ አጠገብ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቆቅ የሚይዝ ውሻ ማሠልጠን ዕድሜ ልካቸውን የሚወዱት ነገር ነው። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ዳማ ያሉትን ቡችላ አሳዩኝና "እኔ ልዘዝ፣ አንተ ሩጥልኝ" አሉኝ። ላባ በጨርቅ ጠቅልዬ እወረውራለሁ፤ ዳማ ያነሳና እኔን አልፎ እሳቸው እግር ሥር ያስቀምጣል። ስሮጥ የምውለው እኔ፣ የሚወደው እሳቸውን! ቀናሁ። አይ እኔ፣ በአንድ ቡችላ ፍቅር ቀናሁ!

የጋሽ ሸምሱ ሕግ አንዲት ናት፤ ውሻው ከያዘው ወፍ እንዳይቀምስ። ከቀመሰ ያደነው ለራሱ ነው፣ ለሙስሊም ሐራም ነው። አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። እያወቅኩ፣ እሳቸው ለሶላት ሲገቡ፣ በወጥመድ የያዝኳትን ቆቅ ሆዷን ከፍቼ ትኩስ ጉበቷን አጎረስኩት። ደጋገምኩት። ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ጅራቱ አያርፍም፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

የሙከራው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ እርሻው ዳር ቆሟል። ጋሽ ሸምሱ ቢስሚላህ ብለው ለቀቁት። ዳማ ከበቆሎው አገዳ መሃል ቆቅ ያዘ፤ ይዞ ወደ እኔ መጣ። እግሬ ሥር ጋደም አለና፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ሆዷን ዘንጥሎ በላ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ሸምሱ ብቻ አልሳቁም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አቻኮልኩት" አሉ።

ያኔ አፌን ምን ያዘው? ፈራሁ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ዳማ ቆሼ በምትባል ጎረቤት ከተማ አጠገብ ለሚኖር አንድ ገበሬ ተሰጠ፤ በሰንሰለት ታስሮ ማሳ ይጠብቃል። ጋሽ ሸምሱም ሌላ ቡችላ አልያዙም።

አምና ሕመም ሲጠናባቸው አስጠሩኝ። እጄን ያዙ፣ ያንን ያጎረስኩበትን እጅ።

"ልጄ፣ በዚያ ውሻ ያን ሁሉ ልፋትህን ከንቱ አስቀረሁብህ። አውፍ በለኝ።"

ተናገር፣ አሁን ተናገር እላለሁ በሆዴ። ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ?

"ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

አመሰገኑኝ። አንተ ግን ቶሎ ብለህ ይቅር እንዳትለኝ።