የበርበሬ ነጋዴው ከንፈርና የዳኛው ሪፖርት

የኳስ ዳኛ ያደረገኝ ቁጣዬ ነው። ተጫዋች ሳለሁ በየጨዋታው ከዳኛ ጋር እየተጣላሁ ስወጣ አሰልጣኛችን ሰለቸውና "እስቲ ፊሽካውን አንተው ይዘህ እንይህ" ብሎ ለዳኝነት ኮርስ አስመዘገበኝ። በሥራ ቀን ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ጥቁር ቁምጣዬን ለብሼ የቀበሌ ቡድኖችን አጫውታለሁ። ሚስቴ "ቤትህ ያጣኸውን ሥልጣን ሜዳ ላይ ትፈልጋለህ" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ቢሮም ቢሆን ሥልጣን አልነበረኝም።

ዳኝነትን የወደድኩት በአንድ ነገር ነው። የሕግ መጽሐፉ በየገጹ "ዳኛው ባመነበት" ይላል። ጥፋቱ ከባድ ነው ወይስ ቀላል፣ ሆን ተብሎ ነው ወይስ ሳይታሰብ፣ ጨዋታው ይቀጥል ወይስ ይቁም፣ ሁሉም ዳኛው ባመነበት ነው። ሰው ሁሉ በታዘዘው ብቻ በሚሠራበት በደርግ ዘመን፣ በሳምንት ዘጠና ደቂቃ ባመንኩበት መሥራቴ ቀላል ነገር አልነበረም። እንዲያውም ሳልኮራበት አልቀረሁም።

ሜዳችን ከሳሊተ ምሕረት በታች፣ ወደ ቦሌ አቅጣጫ የተዘረጋ የግጦሽ መሬት ነበር። አሁን ፎቅ ሞልቶበታል። መስመሩን የምናሰምረው በአመድ ነው፤ ኖራ ከየት ይመጣል? ቅዳሜ ከየቤቱ ምድጃ አመድ ይሰበሰብና ሜዳው ዙሪያውን ይሰመራል። ታዲያ ተመልካቹ እግሩን መስመሩ ላይ ካልተከለ ኳስ ያየ አይመስለውምና እስከ ዕረፍት ድረስ አመዱ ተረግጦ ይጠፋል። ከዕረፍት በኋላ መስመሩ እኔ ያልኩት ቦታ ነው። በዚህ ላይ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ በላያችን ሲያልፍ ፊሽካዬን እኔ ራሴ አልሰማውም።

እኔ የጎረቤት ቀበሌ ሰው ስለሆንኩ አያዳላም ብለው ነበር የሚጠሩኝ። የባለሜዳው ቀበሌ ሊቀመንበር ኳስ ወዳድ ሰው ነበር። ከዚህ የተነሣ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ልማድ ተፈጠረ፤ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ የቡድኑ ተጫዋቾች ስም ዝርዝሩ ላይ አይወጣም። ኮታው ግን አይጎድልም። ከተጫዋቾቹ ውጭ ካሉት ልጆች ይሞላል። ጥሪውም ሜዳ ወዳለበት ሳይሆን ጦርነት ወዳለበት ወደ ሰሜን ነበር። ከቡድኑ የተባረረ ልጅ በሚቀጥለው ዙር የት እንደሚገኝ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ከቡድኑ ሁሉ የምወደው ግራ ተመላላሹን ነበር። ዳኛ አይወድም አይጠላም ይባላል፤ ውሸት ነው። ከሳሊተ ምሕረት ወዲያ ካለው የገበሬ መንደር የመጣ፣ ቀጭን፣ ትንፋሹ የማያልቅ፣ ሲጠለፍ ወድቆ ሳይጮህ የሚነሣ ልጅ ነው። ኦሮምኛ ከአማርኛው ይቀናዋል፤ በሁለቱም ግን ብዙ አይናገርም። እናቱ ወተት በጀርባዋ አዝላ እየዞረች ትሸጣለች፤ ያላት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው።

ይህን ልጅ አንድ ሰው አላስቀምጥ አለው። ሾላ ገበያ በርበሬ የሚነግድ፣ ስልሳ የሚጠጋ ሽማግሌ ነው። የሚገርመው የተቃራኒ ቡድን ቲፎዞ አለመሆኑ ነው። የዚያው ቀበሌ ነዋሪ ሆኖ፣ የገዛ ቡድኑን ተጫዋች፣ ከአሥራ አንዱ መርጦ እሱን ብቻ ይሰድባል። ልጁ በሚጫወትበት በኩል አመዱ ላይ ቆሞ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ያወርድበታል። ሰው "ምላሱም እንደ በርበሬው ነው" እያለ ይስቃል። እኔም አንድ ሁለቴ ስቄአለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በዚያ እሑድ፣ ከዕረፍት በኋላ፣ ኳሱ ልጁና ሽማግሌው ባሉበት በኩል ወጣና ውርወራ ሰጠሁ። ልጁ ኳሱን ሊያነሣ ሽማግሌው እግር ሥር ደረሰ። በዚያው ቅጽበት አውሮፕላን በላያችን አለፈ። የሽማግሌው አፍ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አንድ ቃል አልሰማሁም። ልጁ ኳሱን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ፣ ቀና አለና ሽማግሌውን አፉ ላይ በቡጢ መታው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማየት ሁለት ዓይን አይበቃም። ሽማግሌው ተዘረረ፤ ባርኔጣው ከሰው እግር ሥር ገባ። ግማሹ ልጁን ሊመታ፣ ግማሹ ሊገላግል ሜዳው ውስጥ ጎረፈ። ተጫዋቾቹ የጓደኛቸውን መከበብ ሲያዩ ከተመልካቹ ጋር ተያያዙ። እኔንም አንዱ በክርኑ ደረቴን አለኝና ደሜ ፈላ። ሰው እየገፋሁ መሐል ስደርስ እጄ ቀይ ካርዱ ያለበት ኪስ ውስጥ ነበር። ሽማግሌ የመታ ልጅ እኔ ፊት ምሕረት የለውም፤ በዚህ አልደራደርም።

ልጁ እጆቹን ወደ ታች ለቆ ቆሟል። ሲመቱት አይከላከልም። ፊቱን ሳይ ያለቅሳል።

"ምን አለህ?" አልኩት።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ እንጂ አልነገረኝም።

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ሜዳው ውስጥ ገብቷል። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ሰፊውን ሕዝብ የሚደበድብ ተጫዋች አንፈልግም። ሥነ ሥርዓት የሚማርበትን ቦታ እናውቃለን" አለ። ቦታው የት እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። ካርዱን ባወጣ ልጁን ከሜዳ ብቻ እንደማላስወጣው ያን ጊዜ ገባኝ። እጄን ባዶውን ከኪሴ አወጣሁ።

"ውጣና ልብስህን ልበስ" አልኩት ልጁን። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሬ "ካርዱን በሪፖርቴ ነው የምወስነው" አልኩ።

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። እዚያው ቆሜ የፈጠርኩት ነው። ደግነቱ ሊቀመንበሩ ኳስ ይወዳል እንጂ ሕጉን አያውቅም። "እንግዲያውስ ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው" ብሎ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ወረቀት ፊቴ አስቀምጬ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ መስመር አልጻፍኩም። የማየው ነገር ሁሉ ያናድደኛል። ልጁ ያናድደኛል፤ እጁን ምን አዘለለው? ሽማግሌው ያናድደኛል፤ አፉን ምን አስከፈተው? ሊቀመንበሩማ አይነሣ። ከሁሉም በላይ "ዳኛው ባመነበት" የሚለው ቃል አናደደኝ። ስንት ዓመት የኮራሁበት ነገር ለካ ሸክም ነው። በዚህ መሐል የግቢው ጥበቃ መጥቶ "አንድ ሽማግሌ በር ላይ ይፈልጉሃል" አለኝ።

በርበሬ ነጋዴው ነበር። ከንፈሩ አብጦ ወደ አንድ ወገን ዞሯል፤ ባርኔጣውን አጥቦ አድርጎታል። ልጁን ሊከስ መጣ አልኩ። ሊከስ ቢመጣ እንኳ አልፈርድበትም ነበር።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሪፖርቱን አልጨረስኩትም" አልኩት።

"እኔም ሳትጨርሰው ብዬ ነው የመጣሁት" አለ። ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀመጥን። "ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይላሉ። እኔ ልናገር ሳይሆን ልለምን ነው የመጣሁት። ወድቆ ነው ብለህ ጻፍልኝ።"

"ያ ሁሉ ሰው እያየ?"

"ያ ሁሉ ሰው ሪፖርት አይጽፍም። የምትጽፈው አንተ ነህ።"

ምን ብሎት እንደነበር ጠየቅሁት። መሬቱን እያየ ነገረኝ። የገዛ ልጁ ባለፈው ዙር ተጠርቶ ሄዷል። መልእክትም ሆነ ደብዳቤ የለም፤ ወሬው ከጠፋ ከርሟል።

"የኔ ልጅ ኳስ አይችልም" አለኝ። "ልብስ ሰፊ ነው። ኳስ ቢችል ኖሮ ቤቱ ነበር። በነዚህ ልጆች ቦታ ነው የሄደው። ሁሉንም ልሰድብ አልችልም፤ አፍ አንድ ነው። ይሄኛው ደግሞ በዕድሜም በቁመትም ልጄን ያህላል። ባየሁት ቁጥር 'ልጄ ባንተ ተራ ሄዶ አንተ እዚህ ትዘላለህ' እለዋለሁ። ሰምቶ ዝም ይላል። አይቶኝም አያውቅ። ትላንት ግን ጨመርኩበት።"

"ምን አሉት?"

"'እናትህ ጥቁር ትልበስልህ' አልኩት።"

እንዲህ ያለውን ቃል እንኳን የእናቱ አንድ የሆነ ልጅ፣ እኔም ብሆን የምችለው አይመስለኝም።

"ቤት ስገባ ባለቤቴ ከንፈሬን አይታ ምን ሆነህ አለችኝ" ብሎ ቀጠለ። "ነገርኳት። ምሳ አላቀረበችልኝም። 'ልጃችን የት እንዳለ ሳናውቅ ጥቁር ልብስ ትጠራለህ? ማን ቤት እንደሚገባ በምን ታውቃለህ?' ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እስካሁንም አላየችኝም።" ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። "ብትጽፍበት ይሄዳል። እሱ ቢሄድ የኔ ይመለሳል?"

ያን ሽማግሌ ስንት እሑድ ሙሉ ምላሰኛ ብቻ አድርጌ አይቼዋለሁ። የዕቃ ክፍሉን በር እስክዘጋ ድረስ ያዝኩት እንጂ እንባዬ መጥቶ ነበር። ከዚያ ተቀመጥኩና በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ። ተመልካቹ የአመድ መስመሩን አልፎ ወደ ሜዳ በመግባቱ ውርወራ ለመወርወር ከመጣው ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ ወድቋል፤ ተጫዋቹ ተመልካቹን ደግፎ ባለማንሣቱ ቢጫ ካርድ ተሰጥቶታል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ጽፌ አላውቅም። ፊርማዬንም አሳምሬ ፈረምኩ።

ማክሰኞ ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ወደቀ?"

"ወደቀ።"

"ከንፈሩስ?"

"ሲወድቅ ነው።"

ለረጅም ጊዜ አየኝ። በሚቀጥለው እሑድ በከፍተኛው (ወረዳውን ያኔ እንዲህ ነበር የምንለው) ካሉት ሁሉ ጠንካራ ከሆነው ቡድን ጋር ጨዋታ ነበረው፤ ሌላ ግራ ተመላላሽ ደግሞ የለውም። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ጣለው። እኔ በጽሑፍ ዋሸሁ፣ እሱ በዝምታ። ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ለሚስቴ ስነግራት "ዛሬ ገና ዳኛ ሆንክ" አለችኝ፤ ከእሷ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ጥሪው የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ "ጋሼ፣ አጠገቤ ቢቆሙልኝ" ስላለኝ ጠዋት ቀበሌው ግቢ ሄድኩ። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ክንዴን ጨብጦ ይዞኛል። ዝርዝሩ አለቀ፤ የእሱ ስም የለም። ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማኝ፤ እኔም ለቀቅኩ።

በርበሬ ነጋዴው ከኋላችን ቆሞ ነበር። እኛን አላየም። የሚያየው በመጨረሻ ተጠርቶ ኮታውን የሞላውን ልጅ እናት ነው፤ ሾላ ገበያ ከእሱ ትይዩ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። አልጮኸችም። የልጇን የሸሚዝ ቁልፍ እስከ አንገቱ ትቆልፍለታለች፤ ቆልፋ ጨርሳ እንደገና ከታች ትጀምራለች።

ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና "ከእንግዲህ እሷ ትስደበው" አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ልጁ ግን ሰማ። ክንዴን ለቀቀኝ።

እሑድ ሴትዮዋ ሜዳ መጣች። ኳስ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ልጁ በሚጫወትበት በኩል አመዱ አጠገብ ቆመች። ሽማግሌው ቦታውን ለቀቀላት። ትሰድበዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አንድ ቃል አልወጣትም። ዝም ብላ እግሩን ታያለች። ያ ትንፋሹ የማያልቅ ልጅ ኳስ ሲደርሰው ይሰናከላል፣ ለባላጋራ ያቀብላል። ሰው መሳቅ ጀመረ። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ ልጁ ወዲያኛው መስመር ሄደ። ሴትዮዋም ቀስ እያለች ከጎሉ በስተጀርባ ዞራ መጣችና እንደገና አጠገቡ ቆመች።

ኳስ ወጣ። ውርወራው የእሱ ነበር። ኳሱን ይዞ በመወርወር ፈንታ ወደ እኔ መጣ።

"ጋሼ፣ ቀይ ይስጡኝ" አለኝ።

"ምን አጠፋህና?"

"ምንም።"

ቀይ ብሰጠው በሚቀጥለው ዙር የሚጠራው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱም የጠየቀኝ ይህንኑ አውቆ ነው። በሁለቱም በኩል የቆሙት ሰዎች "ምን ይጠብቃል?" እያሉ ይጮኻሉ። ወደ ሴትዮዋ አየሁ፤ ዓይኗን ከእግሩ አላነሣችም።

"ወርውር" አልኩት።

"ጋሼ፣ አልችልም።"

"ወርውር ልጄ።"

ተመልሶ ሄደ። ሴትዮዋ ለውርወራው ቦታ እንዲበቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችለት።